የዛሬዋ ሽሮ ተመዝግባለች

(ባህር ዳር ላይ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በተናገርኩበት አፍ ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ጥቂቱን ጨምሬያለሁ።)

እንዴት ዋላችሁ ልጆች? ከኋላ ይሰማል? ካልተሰማ እጅ አውጡ፣ ይሄን ማይክ እኔም ብዙ አላመንኩትም።

በጥያቄ ልጀምር። ዕዳ ያለበት ሰው እጁን ያውጣ። አራት ሰው። አንዱ እየሳቀ ነው ያወጣው፣ የሱ የሱቅ ዱቤ ይመስለኛል። እሺ፣ ጥያቄውን ልለውጠው። ዛሬ ካፌ ምሳ የበላስ? ይኸው፣ አዳራሹ ሙሉ። እንግዲያው ሁላችሁም ዕዳ አለባችሁ። የዛሬዋ ሽሮ ተመዝግባለች።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስትገቡ ሞልታችሁ የፈረማችሁት ቅጽ አለ፣ የወጪ መጋራት ውል ይባላል፣ እናንተ ኮስት ሼሪንግ ነው የምትሉት። ስንቶቻችሁ አንብባችሁ ፈረማችሁ ብዬ አልጠይቅም፣ ላሳፍራችሁ አልመጣሁም። እኔም አላነበብኩትም።

የኔን ልንገራችሁ። ፔዳ ነው የተማርኩት፣ እዚሁ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ። ቅጹ የመጣ ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ በክር የታሰረች አንድ እስክሪብቶ፣ ከኋላዬ ደግሞ እስከ በሩ የሚደርስ ሰልፍ። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፎቶ ለጠፍኩ፣ ከዚያ «የእናት ሙሉ ስም» የሚል መጣ። የእናቴን አባት አውቃለሁ። አያቷን ግን አላውቅም! ከሰልፍ ወጥቼ ቤት ደወልኩ። እናቴ ስሙን ነገረችኝና «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አለችኝ። «ለመንግሥት ወረቀት ነው» አልኳት። «እሰይ፣ መንግሥት ያስተምርሽ፣ እግዜር ይስጠው» አለች። ተመልሼ ሰልፉን ከጭራው ያዝኩ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። ለቅድመ አያቴ ስም ያን ያህል ተጨንቄ፣ ከታች ስለተጻፈው ብር አንድ ቃል አልጠየቅኩም።

ዛሬ የመጣሁት ለዚያች «እግዜር ይስጠው» ነው። እናቴ ምጽዋት መስሏት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። ምጽዋት ከሆነ አይጠየቅም፣ የሰጠህን መርቀህ ትበላለህ፣ እንጀራው ቢሻግትም ዝም ነው። ብድር ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ተበዳሪ ይከፍላል። ተበዳሪ ደግሞ ሒሳቡን ያያል። እናንተ ባለውል ናችሁ፣ እኔ ከዚህ ሌላ ይዤ የመጣሁት ነገር የለም፣ የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ነገሩ ከየት መጣ? ድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መማሩም፣ መብላቱም፣ ማደሩም በመንግሥት ነበር። ፖሊ፣ ያኛው ግቢ፣ በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲቋቋም የገቡትን አባቶች ብትጠይቋቸው ዕዳ የሚባል ነገር አያውቁም። የወጪ መጋራት ደንብ የወጣው በ1995 ነው፣ ቁጥር 91። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በኋላ በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተካ። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ የተቀዳ ነው፣ እነሱ በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምረውታል፤ ተምረህ ደመወዝ ስታገኝ ከደመወዝህ ላይ ትከፍላለህ የሚል ነው። ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም። የገበሬው ግብር ብቻውን የዶክተሩን ትምህርት ይሸፍን ማለትም ፍርድ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ አነጋገሩ ነው፤ ሲሰጡ «ድጋፍ» ይሉታል፣ ሲቀበሉ «ዕዳ»።

ደንቡ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የምግብና የመኝታ ሙሉ ወጪ የተማሪው ነው፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ። ሥራ ስትይዙ ከወር ገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለገቢዎች ይገባል። ወለድ የለውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ባንክ እንዲህ አያበድራችሁም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ቲክቶክ አይደለም፣ ካልኩሌተር። ለዓመታት የተማሪ የቀን ምግብ በጀት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ሆነ። በ2017 የትምህርት ዘመን 100 ብር ገባ። ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት ተአምር እንጂ ወጥ ቤት አይደለም። ግን የምግቡ ሙሉ ወጪ የማን ነው አልን? 100 ብር በ10 ወር፣ 300 ቀን አድርጉት፣ 30,000 ብር። በ4 ዓመት 120,000። ምግብ ብቻ ነው፣ ዶርምና ትምህርቱን ገና አልነካንም። ተመርቃችሁ 10,000 ብር ደመወዝ ብታገኙ 10 በመቶው 1,000 ነው። 120,000ን ለ1,000 አካፍሉ። 120 ወር። 10 ዓመት።

ዝም አላችሁ። እኔም መጀመሪያ ሳሰላው ዝም ብያለሁ።

ይሄ የኔ ስሌት ነው፣ ለማሳየት ያህል። የናንተ ትክክለኛ ቁጥር የፈረማችሁት ቅጽ ላይ ያለው ነው፤ ተመን ይለወጣል፣ ደንብም ይለወጣል፣ በየዓመቱ ስትፈርሙ የዚያን ዓመት ቁጥር እዩ። ሲኒየሮች «ያው ነው፣ ዝም ብለህ ፈርም» ይሏችኋል። ያው አይደለም።

ዕዳ ስል ግን ቤተሰብ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳታደርጉት። አንድ የዘጌ ልጅ አውቃለሁ። ለዕረፍት ቤቱ ሄዶ፣ ቡና እየለቀሙ ሳለ፣ ለአባቱ «እኔ እኮ የመንግሥት ዕዳ አለብኝ» ብሎ ያወራል። አባትየው ሌሊቱን አልተኙም። ገጠር ዕዳ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በሬ ያሸጣል፣ ከጎረቤት ያጣላል። ሲነጋ «የዘንድሮውን ቡና በሙሉ ሸጠን እንገላገል፣ ነገ በታንኳ አሻግረዋለሁ» አሉት። ልጁ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀበት። የፈረመው እሱ ነው፣ የሚከፈለውም ከሱ ደመወዝ ነው፣ ደመወዝ ሲኖረው። አባት ቡናቸውን በዋጋው ጊዜ ይሽጡ።

እሺ፣ መብቱ ጋ እንምጣ። ሰው ሁሉ ግዴታውን ይነግራችኋል፣ ለዚህ እኔ አላስፈልግም። መብቱን ግን የሚነግር ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ቅጂ። የፈረማችሁትን ወረቀት ቅጂ ጠይቁ። ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል ካሏችሁ በስልክ አንሱት፣ ስልክ ሁላችሁም ኪስ ውስጥ አለ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ቅጹ ላይ ደግሞ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው ዓይኑን አያሳርፍበትም። አገልግሎቱን በዓይነት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ የምትወስዱት? ምግብ ብቻ? መኝታ ብቻ? ሁለቱንም? ኖን ካፌ የምትሆኑት፣ ማለትም በካፌው ምግብ ፈንታ ብር የምትቀበሉት፣ በዚህ ነው። ግቢ ውጭ ከዘመድ ጋር የምትኖር ልጅ ዶርም ሳትይዝ «ምግብና መኝታ» ላይ ምልክት አድርጋ አይቻለሁ። ለምን ስላት «ከፊቴ ያለችው እንደዛ አድርጋ ነበር» አለችኝ። ያልተኛችበት አልጋ ሊቆጠርባት ነው!

ሁለተኛ፣ የተቆጠረባችሁን የማግኘት መብት። እዚህ ጋ ነው ምጽዋትና ውል የሚለያዩት። ካፌው ቁርስ ካጎደለ፣ ዶርሙ ውኃ ካጣ፣ «ምን እናድርግ፣ የመንግሥት ነው» አትበሉ። የናንተ ነው፣ እየገዛችሁት ነው፣ በዱቤ መሆኑ ብቻ ነው። ይሄን ስል ሳህን ወርውሩ እያልኩ አይደለም። ጩኸት ለአንድ ቀን ይሰማል። ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ቀኑን፣ የጎደለውን፣ የስንት ተማሪ መሆኑን ጻፉ፣ በተማሪዎች ኅብረት በኩል ለተማሪዎች ዲን አስገቡ፣ ሁለተኛው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ። ይቺን ፊርማ አትናቋት።

ሦስተኛ፣ ምክንያት። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ የሚባል አለ፣ ቁጥር 1183/2012። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ፌዴራል ነው። ስለዚህ «አይቻልም» ስትባሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። ግማሹ «አይቻልም» እዚያው ላይ «ቆይ እስቲ ልየው» ይሆናል። ካልሆነ የሕግ ትምህርት ቤቱ የነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂም አለ። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቋችሁም።

ግዴታው ላይ አልቆይም ብዬ ነበር፣ ግን የራሴን ጉድ ሳልነግራችሁ ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ።

ዛሬ እንጀራዬ የደመወዝ ሒሳብ ነው። በየወሩ የሰው ደመወዝ እቆርጣለሁ። ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ፣ የቁጠባ ማህበር፣ እና ዳር ላይ አንዲት ጠባብ ኮሎን አለች፣ «ወ/መጋራት» ትላለች። ይቺን ኮሎን ስሞላ እጄ ቀስ ይላል። ለምን መሰላችሁ? ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ 14 ወር ቆረጠብኝ። ፔይሮሉ ላይ እፈርማለሁ፣ የቀረውን እቀበላለሁ፣ እሄዳለሁ። ከዚያ የተሻለ ሥራ መጣ፣ ኦርጅናል ዲግሪ አምጪ አሉኝ። ኦርጅናል ደግሞ ዕዳው ስለማለቁ ከገቢዎች ማረጋገጫ ካልመጣ አይሰጥም፤ እስከዚያ ቴምፖ፣ ጊዜያዊውን ዲግሪ፣ ይዞ መዞር ነው። የቀረውን በአንዴ ልክፈልና ልገላገል ብዬ ገቢዎች ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ በስሜ የገባው የ2 ወር ብቻ ነው።

የቀረው 12 ወርስ? እንጃ። የድሮው ቤት «እኛ ልከናል» አሉ። «የላካችሁበትን ደረሰኝ» ስላቸው ሒሳብ ክፍሏ ለቅቃለች። የኔ ማስረጃ? ባዶ እጅ። አንዲት የደመወዝ ወረቀት አላስቀመጥኩም። ሰባት ወር በባጃጅ ተመላለስኩ። የባጃጁን ሒሳብ ባሰላው አንዱን ወር ይከፍል ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ እግዜር ውለታውን ይክፈለውና፣ መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ቦክስ ፋይል የፔይሮሉን ቅጂ ቆፍሮ አወጣልኝ። አይጥ ጥጉን በልታዋለች። ስሜ ግን ይነበባል። የኔ ስም በ«ሥ» ነው፣ እዚያ በ«ስ» ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ፊደል፣ የግብር ከፋይ (ቲን) ቁጥሬም አንድ አሃዝ ተሳስቷል። ገንዘቤ ገብቶ ኖሮ ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ከግዴታዎቹ ሁሉ እኔ ጮክ ብዬ የምላችሁ ይቺን ነው፦ ስማችሁን አንድ አድርጉት። ቅጹ ላይ፣ ሪጅስትራር ጋ፣ ፋይዳ ላይ፣ በኋላም ቲን ላይ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያው ፊደል ይሁን። ዛሬ ሬጅስትራር ሄዶ አንዲት ፊደል ማስተካከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስትቀጠሩ ደግሞ ዕዳ እንዳለባችሁ ራሳችሁ ንገሩ፣ የተቆረጠበትን ወረቀት በየወሩ ያዙ። ቀጣሪ ቆረጠ ማለት ገባ ማለት አይደለም።

ሌላው ግዴታ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። በመካከል የምታቋርጡ ከሆነ፣ ታማችሁም ይሁን ቤት ችግር ገጥሟችሁ፣ ዝም ብላችሁ ሻንጣ ይዛችሁ መናኸሪያ አትሂዱ። የማቋረጫውን ቅጽ (ዊዝድሮዋል) ሙሉ፣ የመልቀቂያውን (ክሊራንስ) ጨርሱ፣ ቀኑ ይጻፍ። በወረቀት ያልወጣ ሰው በወረቀት ላይ እየበላ ነው። ኖን ካፌ ሆናችሁ ገንዘብ እየተቀበላችሁ በጓደኛ ሚል ካርድ መግባትም ሌብነት ነው፣ ስሙን አናሳምረው። እያሳቀ ነው አይደል? አውቃለሁ፣ በኛም ጊዜ ነበር። ደግሞ የመውጫ ፈተናውን አትርሱ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም፣ የበላው ምሳ ግን ተቆጥሯል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከውሉ ውጭ ነው ግን ብዙዎቻችሁን ይነካል። ከመንግሥት ሌላ በግል የምትረዱ አላችሁ። ውጭ ያለ ዘመድ፣ የሰፈር ማህበር፣ በጎ አድራጊ። በየወሩ ትንሽ ብር ይልካሉ። እነዚህ ውል አላስፈረሟችሁ ይሆናል፣ ግን ውጤታችሁን የማወቅ መብት አላቸው። ሲያንስም ላኩ። ኤፍ አምጥቶ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ መጻፍ አያምርም፤ አንዴ ከተነቃባችሁ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅም ይቀርበታል። በሌላ በኩል ፎቶ። ሳሙናና ደብተር አስይዞ፣ አሰልፎ፣ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ «ችግረኛ ተማሪዎችን ረዳን» ብሎ መለጠፍ የለመደ አለ። አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ። ድህነት የግል ጉዳይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ 1321/2016፤ ባይወጣም ኖሮ ይሉኝታ ይበቃ ነበር። እርዳታውን ተቀበሉ፣ «ፎቶው ይቅርብኝ ጋሼ» በሉ። የሚረዳ ሰው ይረዳል። በዚህ ምክንያት የተወ እንደሆነ ድሮም ፎቶውን ነው የፈለገው።

ጥያቄ ካለ ልስማ፣ ጎሮሮዬም ደርቋል።

አንዱ ከመሃል ተነስቶ «ኖን ካፌ ብሆን ዕዳዬ ይቀንሳል?» አለ። አይቀንስም። በሳህን ፈንታ በብር ትቀበላለህ፣ የተቀበልከው ይቆጠራል። የሚቀንሰው ምግቡንም ገንዘቡንም ያልወሰድክ እንደሆነ ነው። ቤተሰብህ እዚሁ ከተማ ከሆነና ከቻልክ አስብበት፣ ካልቻልክ ግን ተራብ እያልኩህ አይደለም።

ሌላዋ «አስተማሪ ብሆንስ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የመክፈል መንገድ ደንቡ ውስጥ አለ፣ ቅጹም ላይ ተጽፏል። ግን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። የትኛው ላይ እንደፈረምሽ እዪ፣ ስትጨርሺም ያገለገልሽበትን ደብዳቤ አጽፊ።

አንድ የፖሊ ልጅ «አባቴ በአንዴ ልክፈልልህ ቢለኝስ?» አለ። አዳራሹ ሁሉ «ኧረ ባክህ!» አለበት። መልሱ ይቻላል ነው፤ ቀድሞ ወይም በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ደንቡ ቅናሽም አስቀምጧል። ደረሰኝህን ብቻ ያዝ። አባትህንም ሰላም በልልኝ።

የመጨረሻዋ ከኋላ፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ማይኩን ወስደንላት ነው የሰማናት። «ተመርቄ ሥራ ባላገኝስ?»

እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ ደመወዝ የለም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ኦርጅናሉም አይመጣም፣ አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ ያለ ኦርጅናል አይቀጥርም። ክቡ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ በቴምፖ የሚቀጥር ቤት ፈልጎ ይገባና ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ይሄ ነገር መስተካከል ያለበት እላይ ነው፣ እናንተም በኅብረታችሁ በኩል ደጋግማችሁ ማንሳት አለባችሁ ብዬ መለስኩላት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ የቅጹን ቅጂ የት ነው የማገኘው?» አለችኝ።

የሞላሽበት ቢሮ ሂጂ። ሰኞ፣ ጠዋት በጊዜ። ከምሳ በኋላ ሰልፍ አለ።